ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነገሌ ቦረና የደረሰ፣ ወይም በያቤሎና በሜጋ አድርጎ እስከ ሞያሌ የዘለቀ መንገደኛ፣ በየከተማው ዋና መንገድ ዳር ሳያየው የማያልፈው አንድ ሙያ አለ፤ ይኸውም ብየዳ ነው። የቤቱ በር፣ የአህያው ጋሪ፣ የሮቶው ማቆሚያ፣ የአይሱዙው ስብራት ሁሉ የሚያልፈው በበያጁ እጅ ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት ለብዙው ሰው በማይቻልበት በቆላው ከተማ፣ በያጁ ከሐኪም ያላነሰ ተፈላጊ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ብየዳ ሲበላሽ ወይም አደጋ ሲደርስ ግን ወቀሳው በእርሱ ላይ ብቻ ይወድቃል። «ግዴለሽ ነው፤ አልተማረም» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። በውጭ አገር ትምህርታችንን በተከታተልንበት ቤተ ሙከራ በያጁ ከፕሮፌሰሮቹ ባልተናነሰ ይከበር ነበር፤ የአየር አልባው ዕቃ አየር የማያስገባው በእርሱ ብየዳ ነበርና። በእኛ አገር የጎደለው ጥንቃቄ ሳይሆን፣ ጉዳቱ ከማይታይ ነገር እንደሚመጣ የሚነግር ሰው ነው። የማይታየውን ማሳየት ደግሞ የፊዚክስ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋውን እናስቀድም። በቆላው ከተሞች የነዳጅ በርሜል ሁለተኛ ሕይወት አለው፤ ተቆርጦ የውኃ መያዣ ወይም ምድጃ፣ ተዘርግቶም በር ይሆናል። «ባዶ ነው» ተብሎ ወደ በያጁ ይመጣል። ውድ አንባቢ፣ እስቲ አብረን እናስላ። የቤንዚን ትነት ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ይህ 2.8 ሊትር ትነት ነው። በተለመደ ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ ወደ 24 ሊትር ስለሚይዝ፣ ትነቱ ክብደቱ 10 ግራም ያህል፣ በፈሳሽነቱም ከ15 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ቤንዚን ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው! ይህን ያህል ቤንዚን በበርሜሉ ስፌትና ጥግ ተደብቆ ቢቀር ማን ያየዋል? ሙሉ በርሜል ውስጥ ለአየር ቦታ የለም፤ ባዶው ውስጥ ግን ትነቱም አየሩም አሉ። «ናፍጣ ነበረበት እንጂ ቤንዚን አይደለም» የሚለውም ምክንያት አያድንም፤ በቀዝቃዛነቱ እምብዛም የማይተነው ናፍጣ፣ የብየዳው ሙቀት ሲነካው ይተናልና።

የሙያው መመሪያዎች «በርሜሉን በውኃ ሙላ» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ውኃው የትነቱን ቦታ ይወስድበታል። ነገር ግን ምክሩን የጻፉት ቧንቧ አጠገባቸው ያለ ሰዎች ይመስሉናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበትና ቦረና ከብቱን በገፍ ባጣበት ምድር፣ 200 ሊትር ውኃ ለብረት አፍስስ ቢባል ማን ይሰማል? ስለዚህ ምክሩን ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ውኃው የሚጠጣ መሆን የለበትም፣ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው እየተገለበጠ ወራት ሊያገለግል ይችላል። ከሚቆረጠው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይሞላ፤ የላይኛው ቀዳዳም ክፍት ይሁን። ይህ እስካልተደረገ ድረስ በርሜሉን አለመቀበል ይሻላል።

ወደ ሮቶው ማቆሚያ እንለፍ። 5,000 ሊትር ውኃ 50 ኩንታል ነው። ይህ ሁሉ ጭነት ጀሪካን ይዘው ወረፋ ከሚጠብቁ ልጆች ራስ በላይ የሚቆመው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብየዳ ነው። ደንበኛው የሚመለከተው መልኩን ብቻ ስለሆነ፣ ተሞርዶ ቀለም የተቀባ መገጣጠሚያ ሁሉ ጠንካራ ይመስለዋል። ብየዳ ግን ሙጫ አይደለም። ሁለቱ ብረቶች ራሳቸው ቀልጠው ካልተዋሐዱ፣ በላያቸው የተንጠባጠበው ብረት እንደ ሰም ተለጥፎ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ዝገቱ ሳይጠረግ ሲቀር፣ ወይም ረጅምና ቀጭን ገመድ ኃይሉን በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ሲበላው ነው። ገመዱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ብየዳው ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው።

ትንሽ ብየዳም ትንሽ አይደለም። በመጋቢት 1972 ዓ.ም. «አሌክሳንደር ኬላንድ» የተባለው የኖርዌይ መድረክ በሰሜን ባሕር ላይ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞቱ። የስንጥቁ መነሻ ሆኖ የተገኘው ዋናውን ጭነት የማይሸከም፣ አንድ መሣሪያ ለመያዝ ብቻ የተበየደ የ6 ሚሊ ሜትር ብየዳ ነበር። በእኛም መንገዶች ላይ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ለመንጠልጠያ ተብሎ የሚለጠፈው ቁራጭ ብረት፣ በጠጠር መንገድ ንዝረት ተመሳሳይ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። የተሰበረ ባሌስትራን በብየዳ መቀጠል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የባሌስትራ ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት ቀልጦ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ በኋላም የሚሰበረው ከብየዳው አጠገብ ነው። በያጁ «ብየዳዬ አልተሰበረም፣ ብረቱ ነው» ቢል እውነቱን ነው!

ስለ በያጁ አካልም ጥቂት እንበል። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ብረት ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሲፈልግ ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላልና። ያን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። በከብት አርቢው አገር ወተትን መቃወም ባንደፍርም፣ ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ነው። ይልቅስ ልባጡን ከመገጣጠሚያው ላይ ሞርዶ ማንሣት፣ ራስንም ከጭሱ መንገድ ማራቅ ይበጃል። በጥቁር የፀሐይ መነጽር መበየድም እንዲሁ ከንቱ ነው። ቁጥር 10 የብየዳ መስታወት ከሚታየው ብርሃን የሚያሳልፈው ከ7,000 አንድ እጅ ያህል ሲሆን፣ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ግን ከ10 አንድ ያህል ያሳልፋል። በጎንና በላይም ክፍት ነው። ዙሪያውን ቆመው የሚያዩት ሕፃናት ይህም የላቸውም፤ ሌሊት ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁራቸው ምክንያቱን የሚጠረጥር ወላጅ ጥቂት ነው። ርቀታቸው ሦስት እጥፍ ቢጨምር የሚደርስባቸው ጨረር ዘጠኝ ጊዜ እንደሚያንስ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል፤ ግን ወጥቶ «ራቅ በሉ» ይላቸዋልን?

ዛሬ በቡሌ ሆራም በያቤሎም ዩኒቨርሲቲ አለ። ለፊዚክስ ተማሪዎች የሚሰጠው የኦም ሕግ ጥያቄ ግን አሁንም ስለ አንድ ስም የለሽ አምፖል ነው። በእርሱ ፋንታ የሚከተለው ቢጠየቅ እንመርጣለን፦ ያልተጫነ የብየዳ ማሽን 80 ቮልት ይሰጣል፤ በሞያሌ ሙቀት በላብ የራሰ ሰው የሰውነቱ ተቃውሞ 1,000 ኦም ቢሆን፣ ኤሌክትሮዱን በባዶ እጁ ሲቀይር ስንት ሚሊ አምፔር ያልፍበታል? ልቡስ ይህን ይችላልን?