በድኻ ደንብ መክሰስ ለነጋዴ ነውር አይደለም

በንግድ ማኅበረሰባችን ስብሰባዎች ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ መጋዘን ኪራይ ብዙ ሲነገር እንሰማለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሸጠበትን ዋጋ የተከለከለ ነጋዴ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ ስለሚከፍለው የዳኝነት ገንዘብ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ነገሩን ላነሣው የተገደድሁት ከአንድ የመርካቶ ባለሱቅ ጋራ ባደረግሁት ጭውውት ምክንያት ነው።

ይህ ሰው ጨርቃ ጨርቅ ቸርቻሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ደንበኛው ለነበረ የክፍለ ሀገር ነጋዴ 800,000 ብር የሚያወጣ ሸቀጥ በዱቤ ሰጠ፤ ቀኑ ቢደርስ ገንዘቡ አልመጣም፤ ቀጥሎም ደንበኛው «ዕቃው ጉድለት ነበረበት» እያለ መከራከር ጀመረ። በዚህ መካከል ለባለሱቁ ያከፋፈለው አስመጪ የራሱን ዋጋ አጥብቆ ስለ ጠየቀው፣ በመደርደሪያው ላይ የቀረውን ዕቃ ከዋጋው በታች ሸጦ ከፈለ። ከዚህ በኋላ ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ የተነገረው የመጀመሪያው ነገር የዳኝነቱ ገንዘብ ካልተከፈለ መዝገብ የማይከፈት መሆኑ ነው። ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ መጠን የሚታሰብ ስለሆነ ብዙ የተወሰደበት ሰው ብዙ ይከፍላል፤ እርሱ ግን በእጁ የቀረው የወር የሱቅ ኪራይ ብቻ ነበረ።

በድኻ ደንብ እንዲከስ ብመክረው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ «እርስዎ የሚሉኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድኻ ነኝ ብዬ በፍርድ ቤት ከፈረምሁ፣ ነገ ማን በዱቤ ዕቃ ይሰጠኛል?» ክሱንም ተወው።

በዚህ መልስ የሚስቅ ሰው ንግድን አያውቅም። የነጋዴ ስሙ ከካፒታሉ የበለጠ ሀብቱ ነው፤ «እገሌ ከስሯል» የሚል ወሬ ከአንዱ በር ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ገበያውን ሁሉ ያዳርሳል። ሆኖም ባለሱቁ የፈራው የሕጉን ስም እንጂ ሕጉ በእርግጥ የሚለውን አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ስለዚሁ ነገር በዝርዝር ደንግጓል። ድኻ የሚለው ቃል በዚያ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ የሚለምነውን ሰው ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ የተወሰነውን የዳኝነት ገንዘብ ሁሉንም ወይም ከፊሉን ለመክፈል የሚበቃ አቅም የሌለውን ሰው ነው። «ወይም ከፊሉን» የሚለውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ግማሹን መክፈል የሚችል፣ ግማሹን ግን የማይችል ሰው በዚህ ደንብ ውስጥ ይገባልና። አመልካቹ የሚንቀሳቀሰውንና የማይንቀሳቀሰውን ንብረቱን ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ይመረመራል፤ ባላጋራውም የመቃወም ዕድል ይሰጠዋል። በደንቡ ለመጠቀም ሲል ንብረቱን በተንኮል ያሸሸ፣ ወይም ከክሱ ከሚገኘው ጥቅም ለሌላ ሰው በውል ያስተላለፈ ማመልከቻው ይሰረዝበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ደግሞ መጨረሻው ነው። ከሳሹ ከረታ፣ ሊከፈል ይገባ የነበረው የዳኝነት ገንዘብ ታስቦ እንዲከፍል ከተፈረደበት ወገን ይሰበሰባል፤ ከተረታም ራሱ እንዲከፍል ይታዘዛል። እንግዲህ ይህ ከመንግሥት የሚሰጥ ምጽዋት ነውን? ፈጽሞ አይደለም፤ ዱቤ ነው። ባለሱቁ በየቀኑ ለደንበኛው የሚሰጠውንና ከአስመጪው የሚቀበለውን ዓይነት ዱቤ ፍርድ ቤቱ ለእርሱ ይሰጠዋል። በዱቤ የሚያድር ነጋዴ በዚህ አንዱ ዱቤ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

የዳኝነት ወጪ ለባለጉዳይ ሸክም መሆኑ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ተሟጋቾች በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ ውርርዱንም የተረታው ይከፍል ነበር። በ1945 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት ገንዘብ ደንብም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ታሪፉ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ክርክር ግን ለጊዜው ይቆይልኝ፤ ምንም ያህል ቢያንስ በእጁ ለሌለው ሰው ብዙ ነውና።

ችግሩ ያለው ነጋዴው ድፍረት አግኝቶ ሲያመለክት ነው። «ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው እንዴት ድኻ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ካፒታል ግን ሥራው ሲጀመር የተመዘገበ ቁጥር እንጂ ዛሬ በሣጥን ውስጥ ያለ ገንዘብ አይደለም። በተበዳሪው እጅ የቀረው ሒሳብም ቢሆን፣ ክርክሩ ስለ እርሱ ስለሆነ፣ እንደ ሀብት ሊቆጠርበት አይገባም። በእኔ አስተያየት መመዘን የሚገባው ነጋዴው ሱቁን ሳይዘጋና የቤተሰቡን ቀለብ ሳያቋርጥ ዛሬ ሊያወጣ የሚችለው ጥሬ ገንዘብ ነው። ይህንንም ለማሳየት የባንክ መግለጫውን፣ የኪራይ ውሉን፣ ያለበትን ዕዳና የግብር ደረሰኙን በሥርዓት አያይዞ ማቅረብ ይኖርበታል። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ በዚህ ሰዓት የሚረዳው የለም፤ ይህን ስል የምወቅሰው ዳኛውን አይደለም።

በሌላ ወገን ያለውንም ሥጋት አልሰውርም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በድኻ ደንብ ተከስሼ አውቃለሁ፤ ረትቼ ሳለ ለጠበቃ ያወጣሁትን የምቀበልበት ንብረት ከከሳሼ ዘንድ ሳላገኝ ቀረሁ። ነገሩ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ይሁን እንጂ አንድ ሐሰተኛ ከሳሽ እንዳይገባ ብለን በሩን ብንዘጋ፣ ተበዳሪው ሁሉ አበዳሪው እስኪደኸይ ድረስ መጠበቅን እንደ ብልሃት ይይዘዋል፤ አሁንም የያዙት አሉ።

ስለ ነጻ የሕግ ርዳታም ጥቂት ልበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግል ሲያዝ፣ ለመክፈል አቅም የሌለውን ሰው አስቦ ነው። አነስተኛ ነጋዴ ግን ይህን ሊጠይቅ ሲመጣ አይታይም። ሠራተኛው በሥራ ክርክር ያለ ዳኝነት ገንዘብ ይከራከራል፤ ባለሀብቱ ነገረ ፈጅ አለው፤ ባለሱቁ በሁለቱ መካከል ቆሟል።

በመጨረሻም ለአስመጪዎቻችን የማቀርበው ነገር አለኝ። ለቸርቻሪ በምትሰጡት የሽያጭ ውል ውስጥ ክርክር ሁሉ በግልግል ዳኞች እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ ማስገባት እየተለመደ ነው። ግልግል ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ በመርሑም አልቃወመውም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርሁት የድኻ ደንብ የተሠራው ለፍርድ ቤት ነው እንጂ ለግልግል ዳኞች ድርጎ አይደለም። ስለዚህ አነስተኛው ነጋዴ ያን ውል ሲፈርም የዳኝነት ዱቤውን አብሮ ፈርሞ ይለቃል፤ ይህንንም የሚነግረው የለም። ምክር ቤታችን ድርሻውን አስቀድሞ መክፈል ለማይችል አባል ክፍያው እስከ ፍጻሜው እንዲቆይለትና በመጨረሻ ከተረታው ወገን እንዲሰበሰብ የሚፈቅድ የናሙና አንቀጽ አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ለመወያያ የሚበቃ ጉዳይ ይመስለኛል።