የፎቶ ቤቱን ክፍል ከማስለቀቃችን በፊት



በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍላችንን ተከራይቶ ፎቶ ቤት የከፈተው ልጅ የአራት ወር ኪራይ እንዳልከፈለ ሰምታችኋል። ክፍሉ ይለቀቅና ለሌላ ይከራይ የሚል ሐሳብም ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀርቧል። እኔ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ኪራይ ሲቀር ደስ አይለኝም። ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ።

ነገሩን ለማጣራት ፎቶ ቤቱ ሄጄ ነበር። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ የሠርግ አልበም አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ቀሪ ሂሳቡን ከፍሎ የሚወስደው ጠፋ እንጂ። ከዘጠኙ ስድስቱ የኛው አባላት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ራሳቸው ያውቁታል። የስድስቱ ቀሪ ቢሰበሰብ የአራት ወሩ ኪራይ ተከፍሎ ይተርፋል። ታዲያ ባለዕዳው ማነው?

ከማኅበራችን ድንኳንና ወንበር የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ወንበር ቢሰበር ይተካል። ወጥ ሠሪዋም በዕለቱ ይከፈላታል። ፎቶ አንሺው ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ ቀብድ ተሰጥቶ «የቀረውን አልበሙን ስንረከብ» ይባላል። አልበሙ የሚሠራው ፎቶ ሲመረጥ ነው። ፎቶው ደግሞ አሜሪካ ያለችው አክስት አይታ ካልተስማማች አይመረጥም። በዚህ መሐል ልጅ ተወልዶ ክርስትና ይደርሳል። ከዚያ «አልበሙ ይቅር፣ በፍላሽ ገልብጥልን» ይመጣል። ወረቀቱስ? የታተመውስ?

«አንድ ቁልፍ ለመጫን ይህን ያህል ብር!» የሚሉም አሉ። ሰውዬው እኮ ከንጋት ጀምሮ ሙሽሪት ቤት፣ ሙሽራው ቤት፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ ሲል ውሎ ምሳ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከተረፈ። በማግስቱ መልስ አለ። ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ቁጭ ብሎ ይመርጣል፣ ያስተካክላል። በፊልም ጊዜ አንዱ ፊልም 36 ካነሳ አለቀ፤ ሰውም ተጠንቅቆ ይቆም ነበር። ዛሬ አያልቅም ተብሎ «ድገመው፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ነው። ካሜራም ያረጃል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አይነካም።

የዘወትር እንጀራው የነበረው ጉርድ ፎቶም ቀንሷል። ለፋይዳ መታወቂያም ሆነ ለፓስፖርት ፎቶ የሚነሳው እዚያው ምዝገባው ላይ ነው። የቀረው ሠርግና ምርቃት ነው፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ያ ሁሉ ወር ኪራይ ይቆጥራል።

ልጁም ቢሆን ነፃ አይደለም። ጎረቤት ነው እያለ ያፍርና ውል አያጽፍም። ሲጠይቁትም «ችግር የለም» ይላል። ችግር ግን አለ።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሦስት ወር ይሰጠው፤ በዚሁ ጊዜ ባለ አልበሞቹ ቀሪ ሂሳባቸውን ይክፈሉ። ወደፊትም በአባሎቻችን ሠርግ ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ፣ ግማሹ በመልሱ ዕለት ይሁን፤ በጽሑፍም ይያዝ። ማስለቀቅ አለበት የሚል አባል ካለ መጥቶ ይከራከር፤ ግን አስቀድሞ መደርደሪያውን አይቶ ይምጣ።

ፎቶ ቤቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። ለሚከፈለው ደረሰኝ እንዲሰጥ ነግሬዋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ