«ሰው ለመቁጠር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?»

ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነሽ። ፋርማሲ ፈልገሽ ነበር፤ ምደባው እዚህ ጣለሽ። ፕሮባቢሊቲ ላይ ሲ አመጣሽ። በዚያ ላይ አጎትሽ «ሰው ለመቁጠር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» እያሉ ያሾፉብሻል። አክስትሽ ደግሞ ከዓረብ አገር «ነይ» ይሉሻል። እናትሽ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ስለሚያስተምሩሽ «ለማያበላ ትምህርት ላለፋቸው አልፈልግም» ብለሽ ልታቋርጪ ቆርጠሻል። «ልክ ነኝ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አይ እህቴ፣ እኔን ከሰማሽኝ ልክ አይደለሽም።

መጀመሪያ አጎትሽ ያሾፉበት ቆጠራ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። አገራችን አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው ቀጠሮው እየተገፋ እዚህ ደርሷል። ታዲያ ስንት ክትባት፣ ስንት መማሪያ ክፍል እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ናሙና ነዋ! ጤፍ ስትገዢ ጆንያውን ሁሉ አትዘረግፊም፤ እጅሽን ወደ ታች ሰደድ አድርገሽ አንድ ጭብጥ ታወጫለሽ። ከላይ ከላዩን ብቻ ካየሽ ግን ነጋዴው ነጩን ከላይ አልብሶ ሰርገኛውን ይሸጥልሻል። እንዲህ ያለው ማታለያ አገርን እንዳይሸውዳት የሚጠብቀው ይኸው አንቺ የጠላሽው ትምህርት ነው።

ሥራውስ? ባንክ ብድሩን ማን እንደሚመልስ፣ ኢንሹራንስ ስንት ዓረቦን እንደሚያስከፍል፣ ሐኪሞች አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው መሻሉን፣ የእርሻ ተመራማሪ የትኛው ዘር እንደሚያፈራ የሚለዩት በዚሁ ሙያ ነው። የምትማሪውን ቲ-ቴስት እንኳ ያመጣው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጣሪ የነበረ ጎሴት የሚባል ሰው ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ያወጣው በብዕር ስም ነበር፤ ስሙም «ተማሪ»!

ግን እውነቱን ልንገርሽ። «ስታቲስቲሺያን ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ አታይም። ዲግሪውን ብቻ ይዘሽ ብትወጪ የመጀመሪያ ሥራሽ ታብሌት ይዞ በየቤቱ መጠይቅ ማስሞላት ሊሆን ይችላል፤ ያውም በአጭር ኮንትራት። ነውር የለውም፤ እዚያው እንዳትቀሪ ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ስታቲስቲክስ ምጣድ ነው፤ ሊጡ የሚመጣው ከሌላ ሙያ ነው። ባዶ ምጣድ እንደማያበላ ከእናትሽ በላይ የሚነግርሽ የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ፋርማሲ ወደሽ ነበር አይደል? የመመረቂያ ጽሑፍሽን በጤና ጉዳይ ላይ አድርጊው፤ ኋላም በባዮስታቲስቲክስ ማስተርስ መቀጠል ይቻላል። በፊት ለፊት የተዘጋብሽን ቤት በጓሮ ትገቢዋለሽ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን ልመጂ። አር የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ የለኝም አያስብልም። ሦስተኛ፣ በሲ አትደንግጪ፤ መምህርሽን ቢሯቸው ሄደሽ ጠይቂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ጥያቄ ሥሪ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ መሠረቱን ዛሬ ካልያዝሽው ኋላ ይቆይሻል።

የዓረብ አገሩን ነገር አክስትሽ በክፉ አላሉሽም። ነገር ግን ሁለት ዓመት የተለፋበትን ትምህርት ጥሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ተመልሶ ከክፍል መቀመጥ ነው የሚከብደው። የግድ ካልሽም ዝም ብለሽ አትጥፊ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ በወጉ ዊዝድሮው ሙዪ፣ መመለሻ በር ይኑርሽ። ከዚያ በፊት ግን እናትሽን አማክሪያቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ የሁሉም ሐሳብ አለ፤ ምጣድ ላይ ቆመው የሚያስተምሩሽ የእናትሽ ብቻ የለም።

አጎትሽ ደግሞ ሲያሾፉ «አዎ ጋሼ፣ ሳይቆጠር የሚታወቅ ነገር ካለ ይንገሩኝ» በያቸው። መልካም ጥናት!