የወደቀው ልጅ በፔይሮሉ ላይ ስሙ አለ ወይ?



ከጂጋ ተነስቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚገባ መንገደኛ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበቡ ፎቆችን ግራና ቀኝ ያያል። አሸዋ የሚያወጡት፣ ሶሌታ ሲሞላ ባልዲ የሚቀባበሉት ብዙዎቹ የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከወምበርማና ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የሚመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። አንዱ ከላይ ቢወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጓደኞቹ ያዋጣሉ፤ አሠሪው ደግ ከሆነ ያሳክመዋል፤ ከዚያ ልጁ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የተጎዳ ሠራተኛ ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል። ትንሽ ተቋራጭ ይህን ዕዳ ብቻውን አይችለውም፤ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድንም የተፈጠረው ለዚህ ነው።

የመድን ድርጅት ዓረቦን የሚያሰላው አሠሪው ያስመዘገበውን የዓመት ደመወዝ በሥራው አደገኛነት ልክ በተወሰነ መጣኔ አባዝቶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በእርግጥ የተከፈለው ደመወዝ ታይቶ ልዩነቱ ይተሳሰባል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚገባው ቁጥር ነው። ለምሳሌ የወር ገቢው 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በዓመት 120,000 ብር ያገኛል። መጣኔው ከመቶ 2 ብር ነው እንበል፤ ዓረቦኑ 2,400 ብር፣ ካሳው 600,000 ብር ይሆናል። ተቋራጩ በወር 4,000 ብር ብቻ ብሎ ካስመዘገበው ዓረቦኑ ወደ 960 ብር ይወርዳል፤ በዚያው ልክ የሚሰላው ካሳም 240,000 ብር ነው። ቀሪውን ከአሠሪው ለማግኘት ልጁ በክራንች ፍርድ ቤት መመላለስ አለበት።

ከዚህም የባሰ አለ። ሥራው በቁርጥ ለንዑስ ተቋራጭ ሲተላለፍ የዚያ ሰው ሠራተኞች በማንም ፔይሮል ላይ አይገኙም። ዓረቦን ያልተከፈለበትን ሰው የመድን ድርጅቱ አላውቀውም ቢል ምን ይደንቃል?

የመንግሥት ሥራ ውሎች ተቋራጩ መድን እንዲገባ ያስገድዳሉ። ነገር ግን ሰነዱ ከፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ መወጣጫው ላይ ያለውን ሰው ማን ቆጥሮ ያውቃል? በግለሰብ ፎቅ ላይማ መድኑን የሚጠይቅም አይታይም።

ስለሆነም ብትመርጡን፣ ከተማ አስተዳደሩ የፎቅ ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የመድን ሰነድ እንዲጠይቅ እናደርጋለን። የቁርጥ ሠራተኞች በዋናው ተቋራጭ ስም ይመዘገባሉ፤ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪም ሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ ሰውን ከፔይሮሉ ጋር ያመሳክራል። በመንግሥት ጨረታ ዓረቦን ራሱን ችሎ በተለየ መስመር ይጻፋል፤ ሠራተኛውን ሳያስመድን ዋጋ የሚሰብር ተጫራች አሸናፊ አይሆንም።

ተቋራጮች ወጪ በዛብን እንደሚሉ እናውቃለን። በምሳሌያችን ለአንድ ሰው በወር 200 ብር ነው። እነሱን ይበልጥ የሚያደቃቸው ግን ለሠሩት ሥራ መንግሥት ክፍያ ማዘግየቱ ስለሆነ፣ የጸደቀ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ እንዲለቀቅም ቃል እንገባለን።