ጀበናው የሚሸፍነው፣ ማጥለያው የሚያጋልጠው

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቤቴል አካባቢ፣ ቡና የሚፈላበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በመንገድ ዳር ከረከቦቱ አጠገብ ጀበና ይጣዳል። ካፌው በማሽን ያወጣል። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ ከጀበናው ጎን ሞካ የሚባለው የምድጃ ማፍያ ወይም በወረቀት የሚያጠል ዕቃ ተቀምጧል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር የከተማ ሰው ወግ ይመስላል። ነገር ግን የአፈላሉ ልዩነት ቡናውን ያመረተውን አርሶ አደር ኪስ ይነካል።

በመጀመሪያ አፈላሎቹን እናነጻጽር። የጀበና ቡና ትልቁ ብልጫ ትኩስነቱ ነው። ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ የሚፈላው በአንድ ቁጭታ ነው፤ በሌላው ዓለም ይህን የሚያደርግ ቤት ጥቂት ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ቡናው እስኪጠቁር ከተቆላ የራሱ ጣዕም ጠፍቶ የቃጠሎ ምሬት ይቀራል፤ ከፈላ በኋላ እሳት ላይ ከቆየ ደግሞ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቡናማ ሲሆን ከምጣዱ ማውጣት፣ ገንፈል ሲል ከእሳት ማንሳት፣ አተላው እስኪሰክን መታገሥ።

የካፌው ማሽን በደቃቅ በተፈጨ ቡና ውስጥ ውኃን በከፍተኛ ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለ ጊዜ ያሳልፋል፤ ወፍራም ቡና ያወጣል፣ ዋጋው ግን ለቤት አይመችም። በ1933 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የተፈለሰፈው ሞካ ለዚያ የሚቀርብ ቡና በትንሽ ወጪ ይሰጣል። በወረቀት ማጥለል ደግሞ ከሁሉም ቀለል ያለ ነው፤ ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ያህል ቡና ይበቃል። ወረቀቱ የቡናውን ቅባት ስለሚያስቀር በደም ውስጥ ያለ ኮሌስትሮል ለሚያስጨንቀው ሰው ይመረጣል፤ ሳይጣራ የሚጠጣ የፈላ ቡና ኮሌስትሮልን እንደሚጨምር በጥናት ታውቋል።

ለአርሶ አደሩ ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ጀበና ይሸፍናል፣ ማጥለያ ያጋልጣል። በጥቁሩ ተቆልቶ፣ በስኳር፣ በጨው ወይም በጤና አዳም የሚጠጣ ቡና መሬት ላይ መድረቁን አይናገርም። ያው ቡና ለስለስ ባለ ቁሌት በወረቀት ሲጠል የአፈሩ ሽታ፣ የሻጋታው ጣዕም፣ ያልበሰለው እሸት ጥሬነት አንድ በአንድ ይወጣል። የውጭ ገዢው ዋጋ የሚቆርጠው በዚህ ዓይነት ቅምሻ ነው። ብዙው አምራች ግን የራሱን ቡና ገዢው እንደሚቀምሰው ቀምሶት አያውቅም። የማያውቀውን ጉድለት ደግሞ ማረም አይችልም።

ከተማው ሸማችም ከዚህ ነፃ አይደለም። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ ነው። ለረጅም ዓመታት የቆየው አሠራር ግን የውጭ ገበያን መስፈርት ያሟላው ወደ ውጭ፣ ያላሟላው ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ እንዲሄድ ነው። የቤቴል እናት ቡናውን አጥቁራ የምትቆላው በልማድ ብቻ አይደለም፤ ከገበያ የምታገኘው ቡና ጉድለቱ እንዲሸፈንለት ስለሚፈልግም ነው።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ዋጋ ሲወደድ ሁሉም ይሸጣል። ሲወርድ ገዢ መራጭ ይሆናል፤ ያኔ የሚተርፈው ንጹሕ ቡና ያለው ነው። ስለዚህ የምናሳስበው የሚከተለውን ነው።

አርሶ አደሩ ቡናውን ራሱ ይቅመስ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ለስለስ ብሎ ከተቆላ ቡና 8 ግራም ያህል ሻከር አድርጎ መፍጨት፣ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ስኒ ውስጥ መጨመር፣ ፈልቶ ጥቂት በረድ ያለ ውኃ መሙላት፣ 4 ደቂቃ ጠብቆ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ መግፈፍና ያለ ስኳር መቅመስ ነው። ቀይ እሸት ብቻ ተለቅሞ በአልጋ ላይ የደረቀውንና ተቀላቅሎ መሬት ላይ የደረቀውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ከስልጠና ወረቀት ይልቅ ምላሱ ያስተምረዋል። በጣና ዳር እንደ ዘጌ ባሉ፣ ቡና በደን ጥላ ሥር በሚበቅልባቸውና በፀሐይ በሚደርቅባቸው አካባቢዎች ይህ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሳይታጠብ የሚደርቅ ቡና ጣዕሙ የሚወሰነው በአለቃቀሙና በአደራረቁ ነውና።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ የሚያነሳው ተገቢ ጥያቄ አለ። ሰብሳቢው ንጹሑንም የተቀላቀለውንም በአንድ ዋጋ ከገዛ ለምን ልድከም ይላል። እውነቱን ነው። ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት የወረዳው ኃላፊ እንጂ አርሶ አደሩ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ግብይት ጣቢያ ቀዩ እሸትና በአልጋ የደረቀው ጀንፈል ተለይቶ ካልተመዘነ፣ ተለይቶም ካልተከፈለበት፣ የጥራት ዘመቻ ከስብሰባ አያልፍም። ወረዳዎች የቅምሻ ቀን ያዘጋጁ፤ ሰብሳቢው፣ የማኅበሩ አመራርና አምራቹ ከአንድ ረድፍ ስኒ ይቅመሱ፤ የዋጋው ልዩነትም እዚያው በግልጽ ይነገር።

ጀበናችን ይቀመጥ የሚል የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጎረቤትን የሚያገናኝ ማዕድ ነው፤ ማሽን አይተካውም። የምንለው ጀበናው ውስጥ የሚገባው ቡና መሸፈኛ የማያስፈልገው ይሁን ነው። ያ ሲሆን የቤቴሉ ጠጪም የውጭው ገዢም ለአንድ ዓይነት ንጹሕ ቡና ይከፍላሉ፤ ጥቅሙም ወደ ማሳው ይመለሳል።