«ምናልባት» የምትለዋን ቃል አንሰርዛት

ከመካከላችን አርኪዮሎጂና የጥንት ታሪክ የምንማር፣ አንድ የሮማ የብር ሳንቲም ሲሰጠን ሁለት ነገር እንጠየቃለን፦ የማን ነው? የት ተመታ? የመጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በምስሉ ዙሪያ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ያስቸግራል። ዲናር በሚባለው ሳንቲም ላይ የተመታበት ከተማ ስም አብዛኛውን ጊዜ የለም።

የሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስን ሳንቲሞች እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ193 እሱ ሮም ላይ ሥልጣን ሲይዝ፣ ጴስቄንዮስ ኒጀር ደግሞ በሶርያ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። በዚያ ጦርነት ዘመን በምሥራቅም በሴቬሩስ ስም ብር ተመታ። ሊቃውንት የምሥራቁን ከሮሙ የለዩት በአሠራሩ ነው፤ በፊቱና በጢሙ አቀራረጽ፣ በፊደሉ ቅርጽ፣ በጽሑፉ አደራደር። ጽሑፉ «ለሁለተኛ ጊዜ ቆንስል» በሚል አሕጽሮት የሚያበቃውን ወገን ለኤሜሳ፣ ለዛሬዋ የሶርያ ሆምስ፣ ሰጡት። ሌላውን በባሕር ዳርቻ ላለችው ሎዶቅያ፣ ለዛሬዋ ላታኪያ፣ ሰጡ። በሳንቲሞቹ ላይ ግን «ኤሜሳ» የሚል ቃል የለም፤ በዚህ ምደባ የማይስማሙ ባለሙያዎችም አሉ። ይህም ሆኖ ብዙ ጊዜ ስሙ የጥያቄ ምልክት ሳይደረግበት ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይገለበጣል።

በአሠራር መለየትን አንቃወምም። የቀራጭ እጅ እንደ ሰው የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ማኅተም የተመቱ መሆናቸው ከተረጋገጠ ደግሞ ከአንድ ቤት መውጣታቸውን የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ነው። የምንቃወመው «ሻካራ ነው፤ ስለዚህ የምሥራቅ ነው» የሚለውን አቋራጭ ነው። «ሻካራ» የተመልካቹን ምርጫ ይናገራል እንጂ የሳንቲሙን አገር አይናገርም።

«በፈተና ላይ ምናልባት ብሎ የሚጽፍ ያልገባው ይመስላል» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ምክንያት የሌለው ምናልባት ስንፍና ነው። ምክንያቱ የተጻፈለት ምናልባት ግን ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የማረሚያ በር ይከፍትለታል።

ይህን ከቤታችን እናውቀዋለን። የስንቱ አያት የልደት ቀን አገር በገቡ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ በግምት ተጻፈ! ጸሐፊው «በግምት» የሚለውን አልጨመረም፤ መታወቂያው ላይ ግምቱ እውነት ሆነ። ከዚያ በኋላ የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው በዚያ ቀን ነው። ለማስቀየር የሮጠ ቤተሰብ ድካሙን ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የተገኘበት ቦታ ከማንኛውም የአሠራር ግምት ይልቅ የሚነግረን ብዙ ጊዜ አለ። ስለዚህ በእግር ጉዞ ላይ ሳንቲም ያየ ወንድም ወይም እህት ኪሱ አይክተተው። የ1978ቱ የጥንት ቅርሶች ሕግ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ኪስ ውስጥ የገባ ሳንቲም ብሩን ይዞ ይቀራል፤ ታሪኩን ግን ሜዳው ላይ ጥሎ ይመጣል።

በመዝገባችን ላይ ሦስት መስመር እንለምድ፦ ያየነው፣ ያነጻጸርነው፣ የገመትነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር እንዳይደባለቅ መጠበቅ የእኛ ኃላፊነት ነው።