ስለ ቤት ግዢና ስለ ኑዛዜ ለነጋዴ የሚገባ ማሳሰቢያ

ከወግዲ፣ ከከላላና ከለጋምቦ ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ኩንታሉን ሳያስመዝን ገንዘቡን አይቈጥርም። ጥንቃቄው የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ከእህሉ እጅግ የከበረውን ቤትና ሱቅ ሲገዛ ሦስት ሽማግሌዎች በፈረሙበት ወረቀት ይረካል፤ ዕድሜው ሲገፋም የልጆቹን ድርሻ አልጋ ላይ በሚናገረው ቃል ላይ ይጥለዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የሽማግሌዎቹ ታማኝነት አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የሻጩ ወራሾች ነገ ውሉን ቢክዱ ታማኝነት የመዝገብን ቦታ አይሞላም። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ገዢውም የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏልና።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የኑዛዜው ጉዳይ ነው። ሞት እንደ ቀረበው ተሰምቶት በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚናዘዝ ሰው ስለ ቀብሩና ስለ ልጆቹ ሞግዚት ሊወስን፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታም ሊያደርግ ይችላል፤ ከዚህ አያልፍም። 500 ብር በዚያን ዘመን ጥንድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም፤ የሕጉ ቍጥር ግን ባለበት ነው። እንግዲህ «ሱቁ ለታላቁ ልጄ ይሁን» ብሎ በቃል ብቻ ያለፈ አባት ሱቁን ለሙግት አወረሰ።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሊነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በዚያው ጽሑፍ ሊጠቀስ፣ ሁሉም ወዲያው ሊፈርሙበት ይገባል። ኑዛዜ የሚፈርሰው ሁልጊዜ በተንኰል አይደለም፤ «ተነበበ» የምትለው ቃል መዘንጋቷም ያፈርሰዋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሬጅስትራር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ፤ ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አራት ሰው ከመለመን ይቀላል። (ጉዳያቸውን በስምምነት ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያቀርቡ ወገኖች በዚያው ሕግ ይዳኛሉ።)

በራሱ እጅ ጽፎ፣ ቀን ሰጥቶና ፈርሞ በሣጥን የሚቈልፍም አለ። እርሱም በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካላስቀመጠው ኑዛዜው ይወድቃል። ሰኔ 30 ሒሳቡን የሚዘጋ ነጋዴ በዚያው ቀን የኑዛዜውን ዓመት ቢቈጥር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጅበታል።